ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ የጥንታዊት ግሪክ ከባድ እግረኛ ጦር አመጣጥ

ባለፉት ትምህርቶች አንድን ታሪክ በቅደም ተከተል መተረክን ተምራችኋል። በተራኪ ድርሰት ውስጥ ዋናው ጥያቄ «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚል ነው። በዚህ ትምህርት የሚቀርብላችሁ ጥያቄ ግን ከዚያ ከበድ ያለ ነው፤ እርሱም «ለምን ሆነ?» የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ስለሚቀራረቡ ብዙ ጸሐፊዎች፣ የታወቁት ምሁራን ጭምር፣ የአንደኛውን መልስ ለሌላው ሲሰጡ ይገኛሉ።

ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፃችሁን ሳታሰሙ በጥሞና አንብቡት። በሁለተኛው ንባብ ጊዜ ምክንያትን ወይም ጊዜን የሚያመለክት ቃል ባጋጠማችሁ ቍጥር በደብተራችሁ ላይ መዝግቡ፤ ለሰዋስው ክፍል ያስፈልጋችኋል።

ሀ. ምንባብ

በጥንታዊት ግሪክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛውና በሰባተኛው መቶ ዓመት የውጊያ ሥርዓት ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን በግሪክ የጦር ሜዳዎች የበላይነቱን ይዞ የቆየው ሆፕሊት የተባለው ከባድ እግረኛ ተዋጊ ነበር። ስሙ ሆፕላ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ሆፕላ ማለት የጦር መሣሪያና ትጥቅ ማለት ስለሆነ፣ ሆፕሊት «ባለትጥቅ» እንደ ማለት ነው። ይህ ሰው እንደ ዛሬው ወታደር በመንግሥት መሣሪያ የሚዋጋ አልነበረም። የራሱን ትጥቅ በራሱ ሀብት ገዝቶ፣ ጥሪ ሲደርሰው የሚዘምት፣ ሲመለስም ወደ እርሻው የሚገባ የከተማው ዜጋ ነበር።

የግሪክ ምድር ተራራ የበዛበት ነው። በተራሮቹ መካከል ባሉት ጠባብ ሜዳዎች ስንዴና ገብስ፣ ወይራና ወይን ይበቅላሉ። አንዲት ከተማና በዙሪያዋ ያለው እርሻ በአንድነት ፖሊስ የሚባለውን ትንሽ፣ ራሱን የቻለ መንግሥት ያቋቁሙ ነበር። አቴንስ፣ ስፓርታ፣ ቆሮንቶስና አርጎስ ከነዚህ መካከል የታወቁት ናቸው። ጎረቤታሞቹ ከተሞች በወሰን መሬት ምክንያት ደጋግመው ይጣሉ ነበር።

ከለውጡ በፊት ስለነበረው ውጊያ የምናውቀው አብዛኛውን ከሆሜር ነው። ኢልያድ በተባለው ረጅም የግጥም ድርሰት ውስጥ ጀግኖቹ በሠረገላ ወደ ጦር ሜዳ ይደርሳሉ፤ ወርደው የዘር ሐረጋቸውን ይቈጥራሉ፤ ይፎክራሉ፤ ከዚያም ጦር ይወራወራሉ። ስሙ የሚነሣው ጀግናው ነው። ከበስተኋላ ያለው ብዙ ሰው ስም የለውም። ይሁን እንጂ በዚያው ድርሰት ውስጥ ተዋጊዎች ጋሻ ለጋሻ ገጥመው የቆሙበት ቦታም ይገኛል። ስለዚህ «ቀድሞ ጀግና ብቻውን ይዋጋ ነበር፤ በኋላ ሕዝብ በሰልፍ ተዋጋ» ብሎ ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር መቈረጥ አያስኬድም።

የሆፕሊት ትጥቅ የነሐስ የራስ ቍር፣ ደረትና ጀርባን የሚሸፍን የነሐስ ጥሩር፣ ከቍርጭምጭሚት እስከ ጕልበት የሚደርስ የነሐስ ገንባሌ፣ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ጦር፣ አጭር ሰይፍና ጋሻ ነበር። ጋሻ ሲባል በአያቶቻችሁ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውንና በአንድ እጅ የሚያዘውን የቆዳ ጋሻ አታስቡ። የሆፕሊት ጋሻ ከእንጨት የተሠራ፣ ክብና ጎድጓዳ፣ ጠርዙ ወይም ፊቱ በሙሉ በነሐስ የተለበጠ፣ ስፋቱ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ነው። ክብደቱ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ግራም እንደሚሆን ይገመታል። አያያዙም ልዩ ነበር። በመካከሉ ባለው ማጥለቂያ ግራ ክንድ እስከ ክርን ይገባል፤ እጅ ደግሞ በጠርዙ አጠገብ ያለውን ጠፍር ይጨብጣል። ሸክሙ በክንድ ሁሉ ላይ ስለሚደላደል፣ ይህን ያህል ከባድ ጋሻ ለረጅም ጊዜ መያዝ ይቻላል። ለሽሽት ግን አይመችም። ጋሻው ከባድ ነበርና የሚሸሽ ሰው አስቀድሞ የሚጥለው እርሱን ነበር። በሰባተኛው መቶ ዓመት የኖረው የፓሮስ ሰው ባለቅኔው አርኪሎኮስ ጋሻውን ጥሎ ነፍሱን እንዳዳነ ሳያፍር በግጥም ተናግሯል። ሌላ ጋሻ መግዛት እንደሚችልም ገልጿል። ይህን ማለት የሚችል ሰው ኪሱ ባዶ እንዳልነበረ ልብ በሉ።

ትጥቁን በመጀመሪያ የለበሰው ማን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1953 በአርጎስ ከተማ አንድ መቃብር በቍፋሮ ተገኘ። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 720 ገደማ ነው። በውስጡ ከሟቹ ጋር የነሐስ ጥሩርና የነሐስ የራስ ቍር ተቀብረው ነበር። ከነሱም ጋር የሥጋ መጥበሻ የብረት ዘንጎች፣ በጦር መርከብ ቅርጽ የተሠሩ የዘንግ ማስደገፊያዎችም ተገኝተዋል። ይህ ሰው እንግዳ ጠርቶ ግብር የሚያበላ፣ ነሐስ ከእርሱ ጋር አፈር ሲገባ ቤተሰቡን የማያደኸይ ባለጸጋ ነበር። እንግዲህ የትጥቁ ዋና ዋና ክፍሎች በመጀመሪያ የታዩት በተራው ገበሬ ላይ ሳይሆን በመኳንንቱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጋሻው እንመለስ፤ ክርክሩ ሁሉ በእርሱ ዙሪያ ነውና። ክንድ የሚገባው በጋሻው መካከል ስለሆነ፣ የጋሻው ግማሽ ከተሸካሚው አካል በስተግራ አልፎ ይወጣል። ቀኝ ጎኑ ግን ይጋለጣል። ታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ418 በማንቲኒያ ስለተደረገው ጦርነት ሲጽፍ አንድ ረቂቅ ነገር አስተውሏል። እያንዳንዱ ተዋጊ የተጋለጠ ጎኑን በቀኙ ባለው ባልንጀራው ጋሻ ለመሸፈን ስለሚጠጋ፣ ሰልፉ ሁሉ ወደ ቀኝ እያዘነበለ ይሄዳል። ከዚህ ተነሥተው ብዙ ሊቃውንት እንዲህ አሉ፦ ይህ ጋሻ ለብቻው ለሚዋጋ ሰው አይጠቅምም፤ በመሆኑም ጋሻው በተፈለሰፈ ጊዜ ፋላንክስ የሚባለው የተጠጋጋ ሰልፍ አብሮ መወለድ ነበረበት። ሌሎች ደግሞ ይህን ይቃወማሉ። ተዋጊ ግራ ትከሻውን ወደ ጠላት አዙሮ በጎኑ ሲቆም ጋሻው መላ አካሉን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ብቻውንም ሊዋጋበት ይችላል ይላሉ።

ሥዕል ምን ይነግረናል? ኪጂ በሚባል ስም የታወቀች አንዲት የሸክላ ማንቆርቆሪያ እ.ኤ.አ. በ1881 በኢጣልያ፣ ከጥንታዊቱ የቬዪ ከተማ አጠገብ ተገኝታለች። ዛሬ በሮም ከተማ ቪላ ጁሊያ በተባለው ቤተ መዘክር ትገኛለች። ቁመቷ ከ26 ሳንቲ ሜትር እምብዛም ባይበልጥም፣ በላይዋ የተሳለው ሥዕል ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ አነጋግሯል። የተሠራችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ650 እና በ640 መካከል በቆሮንቶስ ነው። በሥዕሉ ላይ ሁለት የሆፕሊት ሰልፎች ጋሻቸውን ገጥረው፣ ጦራቸውን አንሥተው ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። በአንደኛው ወገን ጥንድ ዋሽንት የሚነፋ ልጅ አለ፤ እርምጃቸው እንዳይዛነፍ ዜማ የሚሰጣቸው እርሱ ነው ተብሎ ይታሰባል። እነሆ ፋላንክስ! ነገር ግን ትጥቃቸውን በመልበስ ላይ ወዳሉት ተዋጊዎች ዐይናችሁን ብትመልሱ፣ በአጠገባቸው ሁለት ሁለት ጦር ተተክሎ፣ ለመወርወሪያ የሚሆን ጠፍር ተጠምጥሞበት ታያላችሁ። የሚወረወር ጦር ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። እጅግ ተጠጋግቶ ለቆመ ሰው አይመችም።

ከጦር ሜዳው ወደ ሸንጎው ስንሻገር ክርክሩ ይብሳል። ፈላስፋው አሪስቶትል በአራተኛው መቶ ዓመት እንደ ጻፈው፣ ነገሥታት ከወረዱ በኋላ በግሪክ ሥልጣን የያዙት ፈረሰኞች ነበሩ። ከባድ እግረኛ ያለ ሰልፍ ሥርዓት ከንቱ ነውና፣ የጥንት ሰዎችም ያን ሥርዓት አላወቁምና፣ ኀይል ሁሉ በፈረስ ላይ ነበር። ከተሞች አድገው ባለትጥቆች ሲበረቱ ግን በመንግሥት ሥራ የሚካፈለው ሰው ቍጥር በዛ። የኋላ ዘመን ሊቃውንት ይህን ሐሳብ አስፋፍተው አንድ ሰንሰለት ሠሩ፦ አዲስ ጋሻ አዲስ ሰልፍን ወለደ፤ አዲስ ሰልፍ ገበሬውን ከመኳንንቱ ጎን አቆመው፤ ጎን ለጎን የቆመ ገበሬም የሥልጣን ድርሻ ጠየቀ። እንደ ማስረጃ የሚቀርበው ኪፕሰሎስ ነው። ይህ ሰው የቆሮንቶስን ገዢ ቤተሰብ አስወግዶ ሥልጣን የያዘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ657 ገደማ ነው። ከላይ ያየናት ማንቆርቆሪያም በዚያው ከተማ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተሥላለች። አንድ ከተማ፣ አንድ ትውልድ! መደምደሚያው በራሱ የሚጻፍ ይመስላል። ሆኖም የኪፕሰሎስን ታሪክ የተረከልን ሄሮዶቱስ ሥልጣን የያዘው በሆፕሊቶች ክንድ ነው አላለም። አሪስቶትልም ቢሆን የሚናገረው ከነገሩ ሦስት መቶ ዓመታት ያህል ርቆ ነው።

በቅርቡ ዘመን ሰንሰለቱን በየቀለበቱ የመረመሩት ጥቂቶች አይደሉም። እንግሊዛዊው አንቶኒ ስኖድግራስ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጽሑፍ፣ የትጥቁ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ሳይሆን በብዙ ዓመታት ውስጥ አንድ በአንድ እንደ ታዩ፣ የሰልፉም ለውጥ እንዲሁ ቀስ በቀስ እንደ መጣ አስረዳ። አሜሪካዊው ቪክተር ሃንሰን ሰንሰለቱን ገለበጠው። በእርሱ አስተያየት ቀዳሚው የራሱ መሬት ያለው ገበሬ ነው፤ ሰልፉና ትጥቁ እርሱ እርሻውን ለመጠበቅ የፈጠራቸው ናቸው። ሃንስ ቫን ዊስ በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ፣ በሰባተኛው መቶ ዓመት የነበረው ውጊያ ገና ልቅ እንደ ነበር፣ የተጠጋጋው ፋላንክስም የተሟላው ከረጅም ጊዜ በኋላ እንደ ሆነ ተከራከረ።

አቴንስ ለዚህ ክርክር ጥሩ መፈተኛ ናት። ሶሎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 ሕግ ሲያወጣ ዜጎችን እንደ ምርታቸው መጠን በአራት መደብ ከፈላቸው። ሦስተኛው መደብ ዜውጊታይ ይባላል፤ ቃሉ «ቀንበር» ከሚለው ቃል የተገኘ ነው። አንዳንዶች ባለ ጥማድ በሬ ገበሬ ማለት ነው ሲሉ፣ ሌሎች በሰልፍ ውስጥ ከባልንጀራው ጋር የተጣመደ ተዋጊ ማለት ነው ይላሉ። እነዚህን ሰዎች ሆፕሊቶች ናቸው ማለት የተለመደ ነው። ቫን ዊስ ግን ለመደቡ የተወሰነውን 200 መስፈሪያ ምርት የሚያስገባው መሬት ለተራ ገበሬ የሚበዛ መሆኑን አስልቶ፣ ዜውጊታይ ሠራተኛ የሚያሳርሱ ባለርስቶች ነበሩ ብሏል። ይህ እውነት ከሆነ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በመካከሉ ነው።

ደግሞም ሆፕሊት ሁሉ የገዛ ከተማው ዘብ አልነበረም። በሰባተኛው መቶ ዓመት የግብፅ ንጉሥ ቀዳማዊ ፕሳሜቲኩስ ከባሕር ማዶ የመጡ የነሐስ ልብስ የለበሱ ተዋጊዎችን እንደ ቀጠረ ሄሮዶቱስ ይነግረናል። በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በዳግማዊ ፕሳሜቲኩስ ዘመን ወደ ደቡብ የዘመቱ ግሪኮች በአቡ ሲምብል በንጉሥ ራምሴስ ሐውልት እግር ላይ ስማቸውን ቀርጸው አልፈዋል፤ ጽሑፉ እስከ ዛሬ ይታያል። ሄሮዶቱስ ይህን ዘመቻ በኢትዮጵያ ላይ የተደረገ ይለዋል። ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ምድር ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ስለነበር፣ የሚያመለክተው በዓባይ ሸለቆ የነበረውን የኩሽ መንግሥት ነው። ቅጥረኛ ሆፕሊት በነበረበት ዓለም «ትጥቁ ዜጋውን ፈጠረ» ማለት ጥንቃቄ ይሻል። በስፓርታ ደግሞ እኩዮች ተብለው የሚጠሩት ሆፕሊቶች ሄሎት በሚባሉ ገባሮች ጕልበት ይኖሩ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ479 በፕላቲያ በተደረገው ጦርነት በእያንዳንዱ የስፓርታ ሆፕሊት ሰባት ሄሎት እንደ ተከተለ ሄሮዶቱስ ጽፏል። ጋሻ ለጋሻ የገጠሙት ሰዎች እኩልነት ከሰልፉ ውጭ ላለው ሰው አልደረሰም።

ለ. ሰዋስው፦ ጊዜን የሚያሳዩና ምክንያትን የሚያሳዩ ቃላት

በመጀመሪያ እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ጋሻው ከተለወጠ በኋላ ሰልፉ ተጠጋጋ።
ጋሻው ስለተለወጠ ሰልፉ ተጠጋጋ።

ልዩነታቸው ከሁለት ቃል አይበልጥም። የመጀመሪያው የሚናገረው ቅደም ተከተልን ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ለማስረዳት የሚጠበቅበት ሁለቱን ዘመናት ነው። ሁለተኛው ግን አንደኛው ድርጊት ሌላውን እንዳስከተለ ያስታውቃል። «ስለ» የሚለው መስተዋድድ ትንሽ ቢመስልም ዕዳው ትልቅ ነው፤ የጻፈው ሰው ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ከሃምሳ ዓመት በላይ የዘለቀው የሊቃውንቱ ክርክር፣ ጠቅለል ተደርጎ ሲታይ፣ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ቦታ ሁለተኛውን መጻፍ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው።

ከ«ስለ» ሌላ ምክንያትን የሚያሳዩ አገላለጾች አሉ። «በ» በንዑስ አንቀጽ ላይ ሲገባ፣ ለምሳሌ «በመክበዱ»፣ ምክንያት ይሆናል። «ምክንያቱም» ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ምክንያቱን ያስከትላል። «በመሆኑም»፣ «ስለዚህ» እና «በዚህም ምክንያት» ግን ምክንያቱ ከተነገረ በኋላ ውጤቱን ያመጣሉ። «ና» በስሞች መካከል ሲሆን አጫፋሪ ነው፤ «ስንዴና ገብስ» እንዲሉ። በማሰሪያ አንቀጽ ላይ ሲጨመር ግን ምክንያት አመልካች ይሆናል። በምንባቡ ውስጥ «ጋሻው ከባድ ነበርና የሚሸሽ ሰው አስቀድሞ የሚጥለው እርሱን ነበር» የሚለውን ተመልከቱ። «ለ» ከንዑስ አንቀጽ ጋር፣ «ሊ» ከትንቢት አንቀጽ ጋር ሲገቡ ዓላማን ያሳያሉ። ዓላማ ምክንያት አይደለም። «ጋሻው የተሠራው ሰልፉን ሊያጠብቅ ነው» ያለ ጸሐፊ የሠሪውን ልብ ዐውቃለሁ ማለቱ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቦዝ አንቀጽ ነው። ቋንቋችን በዚህ አንቀጽ ባለጸጋ ነው፤ ጸጋውም አንዳንድ ጊዜ ማሳቻ ይሆናል። የሚከተሉትን አነጻጽሩ።

ጋሻውን ጥሎ ሸሸ።
ጋሻውን አንግቦ ዘመተ።
ጋሻው ከብዶት ወደቀ።

በመጀመሪያው «ጥሎ» ቀድሞ የተፈጸመውን ድርጊት ያሳያል። በሁለተኛው «አንግቦ» የዘመተበትን ሁኔታ ይገልጻል። በሦስተኛው «ከብዶት» ምክንያት ነው። ቅርጹ አንድ ሲሆን ሥራው ሦስት ነው። አሁን ደግሞ ይህን አንብቡ፦ «ገበሬው ትጥቅ ገዝቶ የሥልጣን ድርሻ ጠየቀ።» ገበሬው የጠየቀው ትጥቅ ስለገዛ ነው? ወይስ ከገዛ በኋላ በሌላ ምክንያት? ዐረፍተ ነገሩ አይናገርም። በተረት ውስጥ ይህ ጕዳት የለውም፤ አድማጩ በራሱ ይሞላዋል። በአስረጂ ድርሰት ውስጥ ግን ጸሐፊው ያላስረዳውን ነገር አንባቢው እንደ ተረዳ ሆኖ እንዲያልፍ ያደርገዋል። የብዙ ተማሪዎችን ደብተር ያረመ መምህር እንዲህ ያለውን ቦዝ አንቀጽ ከሩቅ ያውቀዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘውም ጸሐፊው እርግጠኛ ባልሆነበት ቦታ ነው።

ሐ. መልመጃ

1. ከዚህ በታች ባሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ የተሰመረበት ያህል አድርጋችሁ የምትወስዱት ቦዝ አንቀጽ ቅደም ተከተልን፣ ሁኔታን ወይስ ምክንያትን እንደሚያሳይ ለዩ። ከአንድ በላይ ሊሆን የሚችል ካለ ሁለቱንም ጥቀሱ።
ሰልፉ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ተሰበረ።
ልጁ ዋሽንት እየነፋ ሳይሆን ዋሽንቱን ይዞ ቆመ።
ከተሞች አድገው ባለትጥቆች በረቱ።
ተዋጊው ቀኝ ጎኑ ተጋልጦ ወደ ባልንጀራው ተጠጋ።

2. ስለ ኪፕሰሎስና ስለ ማንቆርቆሪያዋ የተነገረውን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ በአንደኛው «ከ… በኋላ»ን፣ በሌላው «ስለ»ን ተጠቀሙ። ከሁለቱ ምንባቡ የሚደግፈው የትኛውን ነው? የማይደግፈውን ለመደገፍ ምን ዐይነት ማስረጃ መገኘት ነበረበት?

3. የአርጎስ መቃብር ለየትኛው ወገን ማስረጃ ይሆናል? በውስጡ የተገኙት የመጥበሻ ዘንጎች ባይኖሩ ኖሮ መልሳችሁ ይለወጥ ነበር?

መ. ድርሰት

ሁለት አንቀጾች ያሉት አስረጂ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ «ትጥቁና ሰልፉ ቀድመው የገበሬውን የፖለቲካ ኀይል አስከተሉ» ብሎ የሚያምን ሰው ሁኑ። በሁለተኛው «ባለመሬቱ ገበሬ ቀድሞ ትጥቁንና ሰልፉን ፈጠረ» የሚለውን ሰው ቦታ ያዙ። በሁለቱም አንቀጾች ውስጥ የምትጠቅሷቸው ማስረጃዎች አንድ ዐይነት ይሁኑ፤ ማንቆርቆሪያዋ፣ መቃብሩና የሶሎን መደቦች ይበቃሉ። ከምንባቡ ውጭ ማስረጃ አትፍጠሩ። እያንዳንዱ አንቀጽ ከዐሥር መስመር አይብለጥ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደብተራችሁን ከአጠገባችሁ ከተቀመጠው ተማሪ ጋር ተለዋወጡ። የባልንጀራችሁን ድርሰት እያነበባችሁ በ«ስለ»፣ በ«በመሆኑም» እና በ«ና» ሥር መስመር አስምሩ፤ ከእያንዳንዱም አጠገብ ማስረጃው በየትኛው መስመር እንደሚገኝ ቍጥሩን ጻፉ። ቍጥር ያጣችሁለትን «ስለ» ክበቡበትና ደብተሩን ለባለቤቱ መልሱ፤ እርሱም ወይ ማስረጃውን ይጨምር፣ ወይ «ከ… በኋላ» ብሎ ያርመው።